«ወሬ ነው» ብዬ የቆረጥኩት

ሰቆጣ ውስጥ ፎቶ ቤት በነበረኝ ዘመን ሰው ለፎቶ ይለብስ ነበር። ከእኛው አገር ዝቋላ በእግሩ የመጣ ገበሬ ደጄ ላይ ቆሞ የእግሩን አቧራ ይታጠብና፣ እኔ ዘንድ የተሰቀለውን ኮት ተውሶ፣ ፏፏቴና አውሮፕላን አንድ ላይ የተሳሉበት መጋረጃ ፊት ይቆማል። አውሮፕላኑ ፏፏቴው ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው፤ ግን አንድም ደንበኛ ይህን አንስቶ አያውቅም። ሥዕሉን ያሠራሁት እኔ ነኝና እኔም አላነሳሁም። ያ ዘመን ይናፍቀኛል። ዛሬ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ራሱን ያነሳል። ፎቶ ቤቴም ከተዘጋ ቆይቷል፤ ቦታው ላይ አሁን የስልክ ቻርጀር ይሸጥበታል።

ታንጉት እባላለሁ። ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከፎቶው ሌላ ሠርግ፣ ክርስትናና ተዝካር በቪዲዮ እቀርፅ ነበር፤ ራሴንም ትልቅ ባለሙያ አድርጌ ነበር የማየው። ቁመቴ አጭር ስለሆነ የቢራ ሳጥን ይዤ እዞራለሁ። ሠርገኛው «ታንጉት ሳጥኗ ላይ ወጣች!» ካለ ቀረጻ ተጀመረ ማለት ነው። አሁን የምነግራችሁ ግን የሳቅ ነገር አይደለም። የሆነው ከእሑድ እስከ ሐሙስ ነው፤ ይሁንና እሑድን ለመረዳት ከዚያ በፊት የነበረውን ማወቅ አለባችሁ።

ጋዝጊብላ ውስጥ ደሳለኝ የሚባል ወጣት ገደል ሥር ሞቶ ተገኘ። ከመሞቱ አንድ ቀን በፊት ፍስሐ ከሚባል እኩያው ጋር በግጦሽ መሬት ተጣልቶ ነበር። ፍስሐም በዚያው ሳምንት ጠፋ። አንዳንዱ «ገድሎ ሸሸ» አለ፤ አንዳንዱ «ድሮም ሳዑዲ ሊሻገር ደላላ ሲጠብቅ ነበር» አለ። እውነቱን ዛሬም አላውቅም። የሟች ወንድሞች ግን ጠመንጃቸውን ወለወሉ። ሽማግሌዎች ቶሎ ብለው መሐል ገቡና ሁለቱን ቤት ለእርቅ አስቀመጡ። ኋላ አንዱ ወገን እንዳይክድ ብለውም እኔን ከነካሜራዬ ጠሩኝ።

በዚያ አገር ወግ ደም የሚደርቀው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ «በድያለሁ፣ ማሩኝ» የሚል ሰው ሲኖር ነው። ያጠፋው ከሌለ የቤቱ ታላቅ ስለ ቤቱ ይሸከማል። የፍስሐ አጎት አያ ኪሮስ ተሸከሙ። ስልሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው ንብ አናቢ ነበሩ፤ ማራቸውን ገበያ ሲያወጡ ለእኔ ሳይሰጡኝ አያልፉም ነበር። ማን ይሸከም የሚለው ክርክር ግማሽ ቀን ፈጀ። ክርክሩ ሁሉ በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ ነበር፤ የአገሩ ሰው ሲጨነቅ የሚናገረው በእናቱ ቋንቋ ነው። ማሩኝ የማለቱ ሥርዓት ግን የወረዳ ሰዎች ስለነበሩ በአማርኛ ሆነ። አያ ኪሮስ ጎንበስ ብለው፣ «ደማችሁ በእጄ ነው፤ በድያለሁ፤ ማሩኝ» አሉ። የሟች አባት አባ ረዳ ድንጋዩን ከጫንቃቸው አወረዱላቸው። ሁሉም አለቀሰ፤ እኔም ሳጥኔ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

እርቅ ግን የነፍስ ክስ አይዘጋም። ፖሊስ ፍስሐን ፈልጎ ሲያጣ ከሁለት ወር በኋላ በእርቁ ላይ «በድያለሁ» ያሉትን አያ ኪሮስን ያዘ። ቀጥሎ የወንጀል ምርመራ ዘጋቢ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ከሩቅ ከተማ መጡ። ጥቁር መነጽር ያደረገው አዘጋጅ ፎቶ ቤቴ ገብቶ የእርቁን ቪዲዮ ጠየቀኝ።

«አራት ሰዓት ይረዝማል» አልኩት።

«ለእኛ የሚሆነውን ቁረጪልን። ይሄ የማይገባን ቋንቋ ምንድን ነው የሚሉት?»

«እሱ ዝም ብሎ ወሬ ነው፤ የሽማግሌ ወሬ።»

ለምን እንዲህ አልኩ? የአራት ሰዓት ክርክር ማስተርጎም ታክቶኝ ነው። ስሜ ፊልሙ መጨረሻ ላይ እንደሚጻፍ ስለነገረኝም ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ በዚያ በከተማ ሰው ፊት የእናቴን ቋንቋ ስላፈርኩበት ነው። ይህን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይግላል። ስድስት ደቂቃ ቆርጬ፣ በፍላሽ ገልብጬ ሰጠሁት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ፊልሙ ተላለፈ። ሰፈራችን ሻይ ቤት ውስጥ የሚቀመጥበት ጠፍቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እኔ ከፊት ተቀምጫለሁ፤ የሻይ ቤቷ ባለቤት የሻዬን ሒሳብ አልቀበልም ብላለች። ሙዚቃው ጀመረ። ገደሉ ታየ፤ ከዚያ የሰው ጥላ በገደሉ አፋፍ ሲሄድ ታየ። ወፍራም ድምፅ ያለው ተራኪ «አመሻሽ ላይ ነበር» አለ። ማንም እንዳላየ አውቃለሁ፤ ግን እኔም ትንፋሼን ውጬ አመሻሹን አየሁት። ቀጥሎ አያ ኪሮስ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ተሸክመው መጡ፦ «ደማችሁ በእጄ ነው።» የቤቱ ሰው በአንድ ድምፅ «ኡ!» አለ። ከዚያ እስር ላይ ሆነው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ታዩ። መርማሪው «በድያለሁ ብለዋል ወይስ አላሉም?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። እሳቸውም ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው «አዎ፣ ብያለሁ» ይላሉ።

«እይ ይሄን ጨካኝ!» አለ አንዱ ከኋላዬ። «ማር ሻጭ መስሎ!»

አሁን የምላችሁን እመኑኝ። ያንን ቀን ሳጥኔ ላይ ቆሜ በዓይኔ ያየሁት፣ በእጄ የቀረፅኩት፣ በእጄ የቆረጥኩት እኔ፣ «ለካስ ገድለው ኖሯል» አልኩ። ዓይኔ ያየውን ሙዚቃው አስረሳኝ። መጨረሻ ላይ ስሜ ሲወጣ ሰው አጨበጨበልኝ፤ እኔም ብድግ ብዬ እጅ ነሳሁ።

ሰኞ ጠዋት የአያ ኪሮስ ሚስት እማማ ለተብርሃን ፎቶ ቤት መጡ። በሩ ላይ ቆሙ እንጂ አልገቡም። ሲያዩኝ ዓይኔን ወደ ኮምፒውተሩ መለስኩ። ከገዳይ ሚስት ጋር ምን ይባላል?

«ታንጉቴ፣ ልግባ?»

«ይግቡ።»

«ሰው ሁሉ ባሌን በቴሌቪዥን አየሁት ይለኛል። እኔ አላየሁትም። ከተያዘ ወዲህ ፊቱን በደንብ አላየሁትም። እባክሽ አሳዪኝ፤ እንዴት ሆኖ እንደከሳ ልየው።»

የቴሌቪዥኑ በእጄ አልነበረም። የነበረኝ የእርቁ ሙሉ ቪዲዮ ነው። ይዩና ይሂዱልኝ ብዬ ከመጀመሪያው ከፈትኩላቸው። አያ ኪሮስ ጋቢያቸውን ሲያስተካክሉ ሲያዩ ፈገግ አሉ፤ «ሁልጊዜ ግራውን ያስረዝመዋል» አሉ። እኔ ሌላ ሥራ ጀመርኩ። ጆሮዬ ግን የእናቴ ቋንቋ ነውና ሳልፈልግ መስማት ጀመረ።

አባ ረዳ፣ የሟች አባት፣ በኽምጣንጋ ይናገራሉ፦ «ኪሮስ፣ አንተ ልጄን እንዳልነካኸው እኔ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ዝቋላ ቆላ ወርደህ ቀፎ ስትሰቅል ነበር፤ መርዶውን የላክሁብህም እኔ ነኝ። ግን ደም ያለ ተሸካሚ አይደርቅም፤ ልጆቼንም አልችላቸውም። ስለ ቤትህ ተሸከምልኝ።»

እጄ ላይ የነበረው መቀስ ወደቀ።

«እማማ፣ ይህን አያ ኪሮስ ለምን ለፖሊስ አልተናገሩም? ዝቋላ ነበርኩ ለምን አይሉም?»

ገርመም አድርገው አዩኝ። «እንዴት ይላል፣ ልጄ? በድያለሁ ብሎ በሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥቷል። አልበደልኩም ካለ እርቁ ፈረሰ። እርቁ ከፈረሰ የረዳ ልጆች ነገ ልጆቼን ይገድላሉ። እስር ቤት ስጠይቀው ምን አለኝ መሰለሽ? ‹እኔ ብታሰር አንድ ሰው ነኝ› አለኝ።»

ነገሩ ያኔ ነው የገባኝ። መርማሪው «ብለዋል ወይ?» ብሎ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም አልዋሹም፤ ብለዋል። እንደዚህ ያለ ስህተት የሚሠራው የእኛ አገር ሰው ብቻ ነው። ቃሉን ላለመብላት ነጻነቱን ይበላል።

«የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው እያለቀስኩ። «ወሬ ነው ብዬ።»

ከዚያ ተነስተው ነጠላቸውን አጣፉ። «እንግዲያ የቆረጥሽውን ቀጥይው» አሉኝና ወጡ።

ማክሰኞ መርማሪው ዘንድ ሄድኩ። ክፉ ሰው አልነበረም። ቪዲዮውን እያስተረጎምኩ አሳየሁት፤ ደጋግሞ ግንባሩን አሸ። «እኛ እኮ ያመነ ሰው አገኘን ብለን ነው» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፊልሙ ተላልፏል፣ ታንጉት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አሁን ምን ይባላል?» አለ። ዐቃቤ ሕጓ ዘንድ ላከኝ። ወጣት ነች፤ ወደ ወረዳችን ከመጣች ዓመት አልሞላትም። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠኝ አየች።

«ችግሩ ምን መሰለሽ?» አለች። «ተከሳሹ ራሱ አይክድም። ዋናው ምስክሬ ደግሞ እኚሁ የሟች አባት ናቸው። ሐሙስ ይመሰክራሉ። ትናንት ሳነጋግራቸው ዝቋላ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም።»

«ረስተውት ይሆናል።»

«የልጁን የሞት ቀን የሚረሳ አባት አለ? ሂጂና ጠይቂያቸው ብዬ አልልክሽም፤ ደስ አይለኝም። ግን ሄደሽ ያሉትን ብታሳዪያቸው የሚከለክልሽ ሕግ አላውቅም።»

ረቡዕ ላፕቶፔን በፎጣ ጠቅልዬ ጋዝጊብላ ወረድኩ። ከመኪናው ወርጄ ሁለት ሰዓት በእግሬ ሄድኩ። ከአባ ረዳ ደጅ ስደርስ ሁለቱ ልጆቻቸው አጥሩ ሥር ተቀምጠዋል፤ የታላቁ ጠመንጃ ጉልበቱ ላይ ነው። «የቴሌቪዥኗ ልጅ መጣች» አለ ታናሹ። እኔን እንደ ጀግና ተቀበሉኝ፤ ያ ከስድብ የከፋ ነበር።

አባ ረዳ መደብ ላይ አስቀመጡኝ። ጠላ ቀዱልኝ። ልጆቹ ፊልሙን በስልክ ጭነው አሳይተዋቸው ነበር።

«በእርቁ ጊዜ አምኜው ነበር» አሉኝ። «ከዚህ ኪሮስ ጋር ስንት ዓመት ማር ቆርጠናል። ለካስ አታሎኛል።»

«አባቴ፣ ያን ጊዜ አያ ኪሮስ የት ነበሩ?»

ጠላውን አዩት እንጂ አልጠጡትም።

«ዝቋላ ነበርኩ ብሎኛል።»

«መርዶውን የላኩባቸው እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ነኝ። ዝቋላ ላሉ ሰዎች ደውዬ መልእክተኛ አስላክሁበት፤ ልጄ በሞተ በማግሥቱ ጠዋት እዚያው አገኘው። እንግዲህ… ሌሊቱን ተጉዞ ሊሆን ይችላል። መንግሥት መርምሮ ያወጣውን እኔ ማን ነኝ አይሆንም የምል?»

ላፕቶፑን ከፈትኩ። ባትሪው ወደ ማለቁ ነበር፤ ሳላጠፋው ጠቅልዬው ኖሯል። መስቀል እያማተብኩ በቀጥታ እዚያ ቦታ ላይ አደረስኩት። የአባ ረዳ ድምፅ ቤቱን ሞላው። «ኪሮስ፣ አንተ ልጄን እንዳልነካኸው እኔ አውቃለሁ…» ልጆቹ ከደጅ ገብተው በሩ ላይ ቆሙ። አባ ረዳ እጃቸውን በጆሯቸው አድርገው ጎንበስ ብለው አዳመጡ። «ስለ ቤትህ ተሸከምልኝ» የሚለው ላይ ሲደርስ ስክሪኑ ጠፋ።

ላሟ ከጋጣ ስታመነዥክ ይሰማል።

«መልሺው» አሉ።

«ባትሪው አለቀ፣ አባቴ።»

«ግድ የለም። ድምፁ የእኔ ነው።» ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «የቀን ተኩል መንገድ ነው ዝቋላ። አየሽ፣ ያንን ሽማግሌ የቀን ተኩል መንገድ በአንድ ሌሊት በልቤ አስኬድኩት። ያየሁትን ትቼ ያሳዩኝን አመንኩ።»

ታላቁ ልጅ፣ «አባባ፣ ቴሌቪዥን እኮ…» ብሎ ጀመረ።

«ዝም በል! ቴሌቪዥኑ መርዶ አልላከም፤ የላክሁት እኔ ነኝ!»

አባ ረዳ ሲወጡ ሲገቡ ቆዩ። ነገ ችሎት ይመጣሉ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ዱላቸውን ይዘው ወደ ጋጣው ሄዱ። እኔም ላፕቶፔን ጠቅልዬ ተነሳሁ።

ሐሙስ ችሎቱ ሞላ። የመጣው ሰው ሊያይ የመጣው ተከሳሹን ሳይሆን በቴሌቪዥን ያየውን ሰው ነበር። አያ ኪሮስ ገቡ፤ እማማ ለተብርሃን እንዳሉት ከስተዋል። ምስክሩ ተጠራ፤ የለም። ዳኛው ጥቂት ጠበቁ። ዐቃቤ ሕጓ ወደ እኔ ዞር ብላ አየች፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ። ዳኛው ሌላ ቀጠሮ ለመስጠት መዝገቡን ሊገልጡ ሲሉ አባ ረዳ አቧራ ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው ገቡ። ልጆቻቸው ከኋላ ነበሩ፤ ጠመንጃ አልያዙም።

አባ ረዳ ማሉ። ከዚያ ዳኛውን ሳይሆን አያ ኪሮስን አዩ።

«ኪሮስ።»

«ምስክር፣ ፊትዎን ወደዚህ» አሉ ዳኛው።

«ጌታዬ፣ አንድ ቃል ብቻ ይፍቀዱልኝ፤ ከዚያ የጠየቁኝን ሁሉ እመልሳለሁ። ኪሮስ፣ በሽማግሌ ፊት የሰጠኸኝን ቃል መልሼልሃለሁ። እርቁ አይፈርስም። ልጆቼም እዚህ አሉ፤ እየሰሙ ነው። አሁን እውነቱን ተናገር።»

ዳኛው መዶሻቸውን አነሱ፤ ግን አላሳረፉትም። አያ ኪሮስ ከታሰሩ ጀምሮ እንዳላለቀሱ ሚስታቸው ነግረውኛል። ያን ጊዜ ግን እንደ ሕፃን አለቀሱ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ቆየና እንባቸውን በክንዳቸው ጠርገው፣ «እንግዲያስ ዝቋላ ነበርኩ» አሉ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ዐቃቤ ሕጓ ክሱን አነሳች። አያ ኪሮስ ወደ ቀፏቸው ተመለሱ። ሁለት ክረምት ቆይተውም አረፉ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ፖሊስ ይጠላ ወይም ፊልም አይታይ አልልም። ያ መርማሪ ስህተቱን ባወቀ ጊዜ ዐቃቤ ሕጓ ዘንድ የላከኝ እሱ ነው። ግን ቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ሳያወጣ ቀረ፤ ያ ስድስት ደቂቃ ዛሬም በሰው ስልክ ይዞራል፤ «ማር ሻጩ ገዳይ» ይባላል። እኔ የታዘብኩት አንድ ነገር ነው። ሰው አውቆ የሚያምነው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ከሌላው ጋር አብሮ «ኡ!» ስላለ ነው የሚያምነው። ችሎት ገና ሳይቀመጥ ሻይ ቤት ውስጥ ይፈረዳል። ስለዚህ የተቆረጠ ነገር ባየሁ ቁጥር የቀረው የት ነው ብዬ እጠይቃለሁ፤ የምታዩትን ሁሉ እንዲህ ጠይቁ። የእናቴን ቋንቋም ከዚያ ወዲህ በማንም ፊት አላፈርኩበትም።

አያ ኪሮስ የተለቀቁ ዕለት ከእማማ ለተብርሃን ጋር ፎቶ ቤት መጥተው ነበር። ወንበር አቀረብኩላቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በክንዴ ያዙኝ።

«ተነሺ፣ ልጄ። ሁሉም አምኗል፤ አንቺ ብቻ አይደለሽም» አሉኝ። «እስር ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን አለ፤ ፊልሙ የተላለፈ ዕለት ሁላችንም አንድ ላይ ቁጭ ብለን አየን። ያ ሙዚቃ ሲጀምር፣ ያ ጥላ በገደሉ ሲሄድ፣ ለዚያ ለሞተው ልጅ አዘንኩ። ‹ይሄ ሽማግሌ ምን ዓይነት አረመኔ ነው?› አልኩ፤ በእውነት ነው የምልሽ። ከዚያ ፊቱን ሲያሳዩ እኔ ሆኜ አገኘሁት። እና ታንጉቴ፣ ለጥቂት ጊዜ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ… ለካስ እኔ ነኝ የገደልኩት አልኩ።»